አባትሽ ያልሞቱበት ቅዳሜ

ቴትልቢ፣ ሊንከንሻየር፣ እንግሊዝ
ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 3 ቀን 2020

ውድ አክስቴ ብራዮኒ፣

አባትሽ አልሞቱም። ይህን ከቅዳሜ ጀምሮ ታውቂዋለሽ፤ ግን በጆሮሽ የሰማሽውን ማመን ስላቃተሽ በጽሑፍ ይኑርሽ ብዬ ነው። እንዲያውም ይህን ስጽፍልሽ እሳቸው ከታች ሳሎን ተቀምጠው በቴሌቪዥን የአየር ትንበያ የምታቀርበውን ሴትዮ እየተሳደቡ ነው። ዝናቡን እሷ የምትልከው ይመስላቸዋል። የሞተ ሰው ይህን ያህል አይጮህም።

ትናንት ለእማዬ የላክሽውን መልእክት አነበብኩት። ስልኳን ከፍታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ የምትተው ሴት ምስጢር አለኝ ልትል አትችልም። «እውነቱን ጽፋችሁ ላኩልኝ። በስልክ አልፈልግም፤ በስልክ ስታወሩ ታለሳልሱታላችሁ። የአባዬ ተንኮል ከሆነ ለቀብር ብዬ የቆረጥኩትን የባቡር ቲኬት እመልሳለሁ፣ ከእንግዲህም እዚያ ቤት እግሬ አይረግጥም። የሄቲ ተንኮል ከሆነ ደግሞ መጥቼ አንቃታለሁ» ብለሻል። እማዬ መልስ ትጀምራለች፣ ታነበዋለች፣ ታጠፋዋለች፣ ሻይ ታፈላለች፣ እንደገና ትጀምራለች። ስለዚህ እኔ ልጻፍ አልኩ። አዎ፣ ዋናዋ ተጠርጣሪ። በዐሥራ አምስት ዓመት ዕድሜዬ ቴትልቢ ውስጥ ከተበላሸ ነገር ሁሉ እጄ የሌለበት ይሄ የመጀመሪያው ስለሆነ፣ ንጹሕ ሆኖ መመስከር ምን ምን እንደሚል ልቅመሰው ብዬ ነው። ይሄን ያደረጉት አዋቂዎች ናቸው። ብቻቸውን። ያለ ማንም ልጅ እርዳታ።

ነገሩ የሚጀምረው አንቺ ከሄድሽበት ምሳ ነው። ያኔ ዐሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ አዋቂዎች ግን ልጅ ሲበላ ጆሮው የሚዘጋ ይመስላቸዋል። ከአውሮፓ ኅብረት እንውጣ ወይስ እንቆይ የተባለበት ሕዝበ ውሳኔ ውጤት የተነገረበት ሳምንት እሑድ ነበር። ጠረጴዛው ላይ የተጠበሰ የበሬ ሥጋና ድንች አለ፤ መረቁ ገና አልዞረም። አንቺ «አባዬ፣ እኔና ዮሪስ የት እንድንኖር ነው የፈረድክብን?» አልሽ። አባትሽ ሥጋ የሚቆርጡበትን ቢላ ሳያስቀምጡ «እነሱን ይህን ያህል ከወደድሻቸው፣ ወደምትወጃቸው ሂጂ» አሉ። «እሄዳለሁ» አልሽ። ከዮሪስ ጋር ወደ አገሩ ወደ ቤልጂየም ሄድሽም። ከዚያ ወዲህ በየገናው ከጌንት የምትልኪው ካርድ «ለቤተሰቡ» ይላል፤ ስማቸውን አንድም ቀን አልጻፍሽም። ይህን ግን አታውቂም፦ አያቴ ያንን ካርድ ከእሳቱ በላይ ካለው መደርደሪያ መካከል ያቆሙታል። የማንንም ካርድ ከፊቱ አያስቀምጡም። እማዬ አንዴ ገፋ ብታደርገው «ተዪው፣ ቤተሰቡ ውስጥ እኔም አለሁበት» አሏት።

የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ማማ ውስጥ የሆነውን ደግሞ ከሩቅ ሆነሽ አትገምቺውም። አያቴ ዳሌያቸው አስቸግሯቸው የደዋዮች አለቅነታቸውን ከተዉ በኋላ ስድስቱን ገመድ የምንይዘው እኔ፣ እማዬ፣ ሚስዝ ሙሪየል፣ ድንች ገበሬው ሚስተር ሬግና መንታ ልጆቻቸው ነን። መንታዎቹን ታውቂያቸዋለሽ፤ አንዱ ሲናገር ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። ሚስተር ሬግና መንታዎቹ እንውጣ ባዮች፣ እማዬና ሚስዝ ሙሪየል እንቆይ ባዮች፣ እኔ ደግሞ ማንም የማይጠይቀኝ። እንደምታውቂው ደወል ስትደውዪ የምትከተዪውን ሰው ገመድ ከዓይንሽ ማጣት የለብሽም፤ አለበለዚያ ምቱ ይደበላለቃል። ሚስዝ ሙሪየል የሚከተሉት ሚስተር ሬግን ነው። ስለዚህ ሁለቱ ሦስት ዓመት ተኩል ሙሉ በየእሑዱ ሙሽሮች እንኳ በማይተያዩበት አተያይ ሲተያዩ ኖሩ። ገመዱን ሲለቁ ግን ደህና ዋልክ፣ ደህና ዋልሽ የለም። ኮት ተነሥቶ በየፊናው ነው።

እንግዲህ ያለፈው ረቡዕ፣ ልምምድ ላይ፣ ሚስተር ሬግ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ዓርብ ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ላይ አገሪቱ ከአውሮፓ ኅብረት በይፋ ስለምትወጣ ደወል ይደወልልኝ አሉ። ቄስ ፊሊፓን አስቀድመው ጠይቀዋት ኖሯል። እሷም «ሌሊት ሕፃናት ይተኛሉ፤ እኔም እተኛለሁ። ቅዳሜ ረፋድ ላይ ሊሆን ይችላል፤ ግን ስድስታችሁም ከተስማማችሁ ብቻ። እኔ ሁለቱንም ወገን እኩል ነው የምወደው» ብላ በብስክሌቷ አምልጣለች። ቄስ ፊሊፓ ከተሾመች ጀምሮ የወሰነችው ብቸኛ ነገር የብስክሌቷን ቀለም ነው።

«ሰው ነፃ ሲወጣ ደወል ይደወላል!» አሉ ሚስተር ሬግ። «ጦርነቱ ያለቀ ቀን ተደውሎ የለ?»

«የትኛው ጦርነት ነው አሁን ያለቀው?» አሉ ሚስዝ ሙሪየል። «ድንችህን የሚለቅሙልህን ልጆች ያባረርክበት?»

«ማንንም አላባረርኩም! ራሳቸው ሄዱ።»

«ተመስገን። ራሱ ድንቹም ተነቅሎ ይሄድልሃላ።»

«ሠላሳ ዓመት ጂኦግራፊ አስተምረሽ አገርሽ የት እንዳለች ጠፋሽ አንቺ ሴትዮ!»

«የት እንዳለች በደንብ አውቃለሁ። የፈረንሳይዋ ካሌ ከእኛዋ ዶቨር ዛሬም ሃያ አንድ ማይል ናት። በድምፅ ብልጫ ፈቀቅ አትልም።»

«ልክ ነው አባዬ» አለ አንዱ መንታ፣ ለማን እንደሆነ ሳይታወቅ። ሌላው ራሱን ነቀነቀ።

ሚስዝ ሙሪየል ከተደወለ ተሸፍኖ ይደወል፣ ንጉሥ ሲሞት እንደሚደረገው፣ በደወሉ ምላስ ላይ ማፈኛ ቆዳው በሁለቱም በኩል ይታሰር አሉ። ሚስተር ሬግ ቆዳውን እንደሚበሉት ዛቱ። ይሄኔ እማዬ፣ ጠብ ከምታይ እጇን ቢቆርጧት የምትመርጠው እማዬ፣ «ግማሽ ግማሽስ ቢሆን?» አለች። የደወሉ ምላስ በአንድ ወገን ብቻ ቆዳ ይልበስ፤ አንዱ ምት ጥርት ብሎ ይውጣ፣ ቀጣዩ ታፍኖ ከሩቅ እንደሚመጣ ማሚቶ ይሁን። ጥርት ያለው ለደስተኞቹ፣ የታፈነው ላዘኑት።

ሚስተር ሬግ ቆባቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ። «ይሄ… ይሄማ ፍትሐዊ ነው» አሉ። ሚስዝ ሙሪየል «ጨዋነት አለበት» አሉ። ከዚያም፣ አክስቴ፣ ብታይው ኖሮ! ሚስዝ ሙሪየል የብስኩት ጣሳቸውን ከፍተው ለሚስተር ሬግ ዘረጉ፤ እሳቸውም ወሰዱ። «አመሰግናለሁ ሙሪየል» አሉ፤ የሚስዝ ሙሪየልን ስም በአፋቸው ሲጠሩ በጆሮዬ ሰማሁ። ለንደንና ብራስልስ ይህን ሁሉ ዘመን የፈጁበትን እኛ በአንድ ጣሳ ብስኩት ጨረስነው። እማዬ ከደስታዋ ብዛት ወደ ቤት ስንሄድ ዘፈነች።

አሁን አንቺ እዚያ ጌንት ሆነሽ ራስሽን እንደያዝሽ ይታየኛል። «እናንተ አህዮች፣ በግማሽ የተሸፈነ ደወል የሚደወለው ለማን ነው?» እያልሽ ነው። ለሞተ ሰው ነዋ! መንደሩ ሁሉ ያንን ድምፅ በሰማ ቁጥር ቆሞ «ዛሬ ማን ነው?» የሚለው ለምንድነው? ከስድስታችን ግን አንድም ሰው ትዝ አላለው። እኔም ጭምር፤ ዓይኔ የመጨረሻው የዝንጅብል ብስኩት ላይ ነበር። ከሦስት ዓመት ተኩል በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስማሙ፣ የተስማሙበት ነገር ምን እንደሆነ ማን ያያል?

ይህ ሁሉ ሲሆን አባትሽ ሊንከን ሆስፒታል ነበሩ። ማክሰኞ ዳሌያቸው ተቀይሯል። ይህንንም መንደሩ ሁሉ ያውቃል፤ ምክንያቱም ሱቅ ያላት ኖሪን ታውቃለች። ለአንቺ ሻይ ቅጠል በፖስታ የምትልክልሽ ኖሪን፣ ለመንደሩ ደግሞ ወሬ በነፃ ታድላለች። እስከ ሰኞ ይቆያሉ ተብሎ ነበር። ዓርብ ግን ደረጃ ወጥተው ወረዱና «ይህ ሰው ድኗል፤ ውሰዱልን» ተባለ። ለመዳናቸው ምክንያት አጠገባቸው የተኛው በሽተኛ ሳይሆን አይቀርም፤ እንቆይ ባይ ነበር፣ አያቴም ስለ ዓሣ ማጥመድ መብት ሲያስረዱት ነው ያለ ምርኩዝ የተነሡት።

በመኪና ስንመጣ ስለ ነርሷ ብቻ ነው ያወሩት። ፖርቱጋላዊት ናት። «ወርቅ ልጅ ናት! እንደ እሷ ያለች መሄድ የለባትም» አሉ።

«ታዲያ መሄድ ያለበት ማን ነው አያቴ?» አልኳቸው።

«ሌሎቹ።»

«የትኞቹ ሌሎች?»

«መስኮቱን ዝጊ፣ ብርድ ይገባል።»

ቤት የደረስነው አመሻሽ ላይ ነው፤ ዝናብ ነበር። ባለ አራት እግር መደገፊያቸው በፊት በር ደረጃ ላይ አልወጣ ስላለን በጓሮ አስገባናቸው። አንድም ሰው አላየንም። እንግዲህ ይህን ያዢልኝ፤ መንደሩ የሚያውቀው አሮጌው የደወል አለቃ ሆስፒታል መሆናቸውን ነው።

ቅዳሜ ረፋድ አራት ሰዓት ላይ ደወልን። እውነቴን ነው የምልሽ፣ አምሮ ነበር። ጥርት ያለው ምት ይወጣል፣ ቀጥሎ ያ የታፈነው ከሜዳው ማዶ የሚመለስ ይመስላል። ሚስተር ሬግ ሲደውሉ እንባ እንባ ብሏቸዋል። ሚስዝ ሙሪየልም። በየራሳቸው ምት ማለቴ ነው።

ጨርሰን ስንወርድ በር ላይ ሰው ቆሟል። ለነፃነት በዓል የመጡ መስሎኝ ነበር፤ ግን ቆባቸውን አውልቀዋል። ዳቦ ጋጋሪው ሰውዬ ወደ እማዬ ቀርቦ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «ካሮል፣ ምን ልበልሽ። ከእሳቸው ጋር በምንም ነገር ተስማምተን አናውቅም፤ ግን ሰው ነበሩ» አላት።

«ማን?» አለች እማዬ።

«አባትሽ። ኖሪን ነገረችን።»

የኖሪን ሱቅ ከቤታችን ፊት ለፊት ነው። የእኛን በር ከእኛ በላይ የምታየው እሷ ናት። እማዬ ፊቷ እንደ ኖራ ነጣ። ከቀዶ ሕክምናው በአራተኛው ቀን ብቻቸውን ትተናቸው እንደወጣንና ሐኪሙ ስለ ደም መርጋት የነገራት ሁሉ በአንድ ጊዜ ትዝ ሲላት አየሁ። «እኛ ስንደውል!» አለች። «እኛ ስንደውል እኮ ነው!» ያንን ወሬ ራሳችን በደወል ለመንደሩ አውጀን፣ መንደሩ መልሶ ሲነግረን አመንነው። ከዚህ የበለጠ የሚያሳፍር ነገር ካጋጠመሽ ጻፊልኝ።

ሚስተር ሬግ «ግቡ!» ብለው የመኪናቸውን በር ከፈቱ። ሚስዝ ሙሪየል ያ መኪና መስታወቱ ላይ «እንውጣ» የሚል ስለተለጠፈበት በአጠገቡ እንኳ ላለማለፍ መንገድ ይሻገሩ ነበር። ዘለው ገቡ፤ እማዬንም ጎትተው አስገቡ። እኔ ቦታ ስላልነበረኝ ሮጥኩ።

እየሮጥኩ ምን አሰብኩ መሰለሽ? ጠዋት ዳቦ ጠብሼ ሳቀርብላቸው «አርሯል» ሲሉኝ «የነፃነት ዳቦ ነው፤ የመረጡትን ይብሉ» ብያቸው ነበር የወጣሁት። የመጨረሻ ቃሌ ይሄ ሊሆን ነው አልኩ። ቀጥሎ አንቺ መጣሽብኝ። የእኔስ ቀልድ ነው፤ የአንቺና የእሳቸው የመጨረሻ ቃል «ሂጂ» እና «እሄዳለሁ» ሊሆን ነው አልኩ። ከዚህ በኋላ ማንም ሊያርመው አይችልም አልኩ። አልቅሼ አላውቅም እያልኩ የምፎክረውን ታውቂያለሽ አይደል? ያንን ፉከራ አቁሜያለሁ።

ስደርስ የፊት በራችን ክፍት ነው። ደረጃው ላይ በጨርቅ የተሸፈኑ ሳህኖች ተደርድረዋል። ኖሪን አጥሩን ተደግፋ ተቀምጣለች፤ ስልኳ ላይ አንድ ነገር ልትጽፍ ትሞክራለች፣ ፊደል ትስታለች። በኋላ ከሷ አፍ የሰማሁት ይኸውልሽ፦ ደወሉን እንደሰማች በመጀመሪያ ለአንቺ «ስለ አባትሽ በጣም አዝናለሁ» ብላ ላከችልሽ፤ ሁለተኛ ሱቋ ውስጥ ለተሰለፈው ሰው ነገረች፤ ሦስተኛ በሊጥ የተሸፈነ የሥጋ ፓይ ይዛ መጥታ በራችን ላይ ልታስቀምጥ ጎንበስ ስትል በሩ ተከፈተ። አባትሽ ናቸው፣ በፒጃማ፣ መደገፊያቸውን ይዘው።

«ኖሪን፣ ደወሉን ሰማሁት። ማን ነው የሞተው?» አሏት።

«እርስዎ!» አለች።

አያቴ ትንሽ አሰቡ። «እኔ አልሞትኩም። ደግመሽ አጣሪ» አሏት።

ይሄኔ ነው ስልኩ የጮኸው። አንቺ ነበርሽ።

አሁን ወደ ዋናው ክስ ደረስን። «የእሱ ተንኮል ባይሆን ኖሮ ስልኩን አንሥቶ ለምን ዝም አለ? ያንን ሁሉ ስናገር ለምን አላቋረጠኝም?» ብለሻል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔም ጠይቄያቸዋለሁ። ግን አስቀድሜ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርሽ።

እኔ በሩን አልፌ ስገባ እማዬ፣ ሚስተር ሬግና ሚስዝ ሙሪየል ኮሪደሩ ላይ እንደ ሐውልት ደርቀው ቆመዋል። አያቴ ስልኩን በሁለት እጃቸው ጆሯቸው ላይ ይዘዋል፤ መደገፊያውን ለቀውታል፤ ሐኪሙ ቢያይ ይጮህ ነበር። ድምፅሽ እኛ ጋ ድረስ ይሰማል። እማዬ ያነሣችው መስሎሽ ነበር። «ካሮል፣ መምጣት ነበረብኝ፣ በየዓመቱ በሚቀጥለው ዓመት በሚቀጥለው ዓመት እያልኩ፣ አባዬን ሳልሰናበተው» እያልሽ ታለቅሺያለሽ። አያቴ ፊታቸው ወደ ግድግዳው ነበር። በመጨረሻ «ብራዮኒ፣ እኔ ነኝ» አሉ። እንዴት ባለ ቀጭን ድምፅ! ከሳቸው ሰምቼው የማላውቀው። አንቺ «አንተ ተንኮለኛ ሽማግሌ!» ብለሽ ዘጋሽው። አያቴ የተዘጋውን ስልክ ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ።

በኋላ ነው የጠየቅኳቸው። «አያቴ፣ ለምን ቶሎ አልተናገሩም?»

«ድምፅዋን ከሰማሁ ሦስት ዓመት ተኩል ሆነኝ» አሉ። «ከተናገርኩ እንደምትዘጋው አወቅሁ። ትንሽ ልስማት ብዬ ነው።»

ተንኮሉ ይሄ ነው፣ አክስቴ። ከዚህ ሌላ ተንኮል የለም። ከፈለግሽ በዚህ ፍረጂባቸው።

የቀረውን ለሳቅ ነው የምነግርሽ። እማዬ ስታቅፋቸው መደገፊያው ወድቆ የሚስተር ሬግን እግር መታ፤ እሳቸውም አጋጣሚውን ተጠቅመው በእግራቸው አሳብበው አለቀሱ። ሚስዝ ሙሪየል «ዊልፍ፣ አንተ ደደብ፣ አስደነገጥከን» አሉ፤ አፍንጫቸውንም በሚስተር ሬግ መሐረብ አበሱ። አያቴ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ወደ ድሮ አለቅነታቸው ተመለሱ።

«ያንን ደወል ማን ነው በግማሽ ያስደወለው?»

ሁላችንም ወለሉን አየን። «ተስማምተን ነው» አለች እማዬ በቀስታ።

«ለማን ብላችሁ?»

«ለአገሪቱ» አሉ ሚስተር ሬግ።

«አገሪቱ ሞታለች?»

«አልሞተችም!» አሉ ሚስተር ሬግ።

«ገና ናት» አሉ ሚስዝ ሙሪየል።

በቃ፣ እንደገና ተጀመረ። ግን አክስቴ፣ እንደ ድሮው አልነበረም። እየተጨቃጨቁ ተቀመጡ። እየተጨቃጨቁ የኖሪንን ፓይ ቆረሱ። ሚስተር ሬግ «የማታውቂውን አትናገሪ» እያሉ ለሚስዝ ሙሪየል ትልቁን ቁራሽ ሰጧቸው። ቀኑን ሙሉ ሰው ሳህን ይዞ እየመጣ፣ በሩ ላይ ሟቹን እያየ፣ ሳህኑን መልሶ ለመውሰድ እያፈረ ትቶ ሄደ። የእንውጣ ባዮቹንም የእንቆይ ባዮቹንም ኬክ ቀመስኩ። ሁለቱም ደረቅ ነው፤ ይህች አገር የተስማማችበት ነገር ካለ ይሄ ነው።

የሐዘን ካርዶችም ደርሰዋል። አባትሽ ሁሉንም መነጽር አድርገው አነበቡ። ከቤተ መጻሕፍቷ ሴትዮ የመጣው «በብዙ ነገር ቢሳሳቱም ልባቸው ቀና ነበር» ይላል። «በምን በምን ነው የተሳሳትኩት? ትዘርዝር!» ብለው ሊደውሉላት ሲሉ እማዬ ስልኩን ነጠቀቻቸው።

እሑድ ግን መልእክትሽ ሲመጣና እማዬ ስታነብላቸው ምሳ አልበሉም። ቆየት ብለው ለእኔ «አየሽ ሄቲ፣ ሞቼ ቢሆን ኖሮ ትመጣ ነበር። በሕይወት መኖሬ ነው ያስቀራት» አሉኝ።

ብዙ ጊዜ እመልስላቸዋለሁ፤ ይሄን ያህል ግን ተናድጄ አላውቅም። «እንግዲያው በሕይወት እያሉ የሚያስመጣትን ነገር ይንገሯት! እኔ ልጽፍላት ነው። ይበሉ፣ ይናገሩ፣ እጽፋለሁ» አልኳቸው።

ዛሬ ጠዋት፣ ከትምህርት ቤት በፊት፣ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ያሉትን እንዳለ ነው የማሰፍረው።

«የጣሪያው አሸንዳ ተጠግኗል በያት» አሉ።

«አሸንዳ ልታይ ነው ከጌንት የምትመጣው?»

«ሬግ ጥሩ የዘር ድንች ሰጥቶኛል በያት።»

«አያቴ!»

«እሺ፣ እሺ። ምን ልበል?»

«በሕዝበ ውሳኔው ስለሰጡት ድምፅ ይቅርታ ይጠይቁና እንገላገል።»

«ስለ ድምፄ አልጠይቅም!» ጠረጴዛውን መቱት። «ነገም ሕዝበ ውሳኔ ቢመጣ እንውጣ ነው የምለው። ይህንንም ጻፊው። ዋሽቼ አላስመጣትም።»

ጻፍኩት። እውነቱን ስጡኝ ብለሻልና ይኸው ይዘሽው ኑሪ። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጓሮው መስኮት አዞሩ። ትምህርት ቤት አርፍጃለሁ ልል ስል፣ ወደ እኔ ሳይዞሩ «የዚያን ቀን ሻንጣዋን አይቼው ነበር» አሉ። «ከምሳው በፊት። አልጋዋ ሥር ነበር፣ ግማሹ ተሞልቷል። ሕዝበ ውሳኔው ወዲህም ይሁን ወዲያ ከዚያ ልጅ ጋር ልትሄድ ነበር። ልትነግረኝ ነው ብዬ ፈራሁ። ከምትሄድብኝ እኔው ላሰናብታት ብዬ ነው ሂጂ ያልኳት። ስለ ኅብረቱ አልነበረም።»

አክስቴ፣ አዋቂዎች ስለ ድንበርና ስለ ዓሣ ይህን ያህል ዘመን ሲጮሁ ስሰማ ስለ ድንበርና ስለ ዓሣ መስሎኝ ነበር።

«ይሄን ልጻፈው?» አልኳቸው።

«አንቺ አሳምረሽ ታበላሺዋለሽ። ከሥሩ ቦታ ተዪልኝ።»

እንግዲህ ቦታ ትቼላቸዋለሁ። ቲኬቱን አትመልሺው። ሊንከን ጣቢያ ድረስ መጥቼ እቀበልሻለሁ፤ እማዬ ትነዳለች፣ እኔ አወራለሁ። እቤት ስትገቢ ጭቅጭቅ ከተነሣ ደግሞ በመሐላችሁ እንደምቀመጥና ሁለታችሁንም እየሰደብኩ እንደማስታርቃችሁ ቃሌ ነው። ቅዳሜ ለጥቂት ደቂቃ አያት አልነበረኝም፤ ያ ስሜት ምን እንደሚመስል አውቄዋለሁ፣ ለአንቺም አልመኝልሽም። አሁን ግን ይኸው ከታች ይጮሃሉ። ተመስገን።

የእህትሽ ልጅ
ሄቲ

ብራዮኒ፣

እኔ ነኝ። የዚያን ቀን ያልኩሽን አላልኩም ማለት ብችል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ብያለሁ። ይቅር በይኝ። ዮሪስንም ይዘሽው ነይ፤ አልጋው ለሁለት ይበቃል። ስለ ኅብረቱ ካነሣብኝ ግን እመልስለታለሁ።

አባትሽ